ክር የሌላት ኩባያ

ሰሊጡ በየዓመቱ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። የነጋዴው ስም ይነሳል፣ የኩንታሉ ዋጋ ይነሳል፤ ያጨደውን ሰውና የአጫጁን ሆድ የሞላችውን ሴት ግን ማንም አያነሳም። እንግዲህ እናንሳት፤ በድመት ምክንያትም ቢሆን። ስርጉት ትባላለች። ከሽንፋ ወዲያ፣ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ እግር በሚውጥበት እርሻ ላይ፣ ለሰሊጥና ለማሽላ አጫጆች ወጥ ትሠራለች።

የደንቢያ ልጅ ናት። ባሏ ለሥራ ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ሳለ እዚያ ማዶ ጦርነቱ ተነሳና ድምፁ ጠፋ። ሸሕዲ ላይ ሻይ እያፈላች ስትጠብቀው ቆየች። በኋላ ግን፣ መጠበቅ እንጀራ አይሆንምና፣ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር በትራክተር ተጎታች ተጭና ወደ እርሻው ገባች።

ድመቷን ያገኘቻት ባዶ ጆንያ ስታራግፍ ነው። ከመዳፍ የማትበልጥ ግራጫ ነገር ዱብ አለች። እናቷ ሰሞኑን ትራክተር ጎማ ሥር ቀርታለች።

«ኧረ ጣያት፣ እታለም» አላት እንዳለው፤ አፉ የማያርፍ የወሎ ልጅ ነው። «እኛም በቅጡ አልጠገብን።»

«አንተን የጣለ ሰው አለ? ዝም ብለህ ብላ።»

ችግሩ ጊዜው የገና ጾም መሆኑ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ሽሮና ምስር ብቻ ነው። ስርጉት ሽሮውን በጣቷ ጫፍ አቀመሰቻት፤ ድመቷ አስነጠሰች። እንዳለው በሳቅ ፈረሰ። «ይቺስ ባለሀብት ናት፤ እንደ እርሻው ጌታ ሽሮ አይወርድላትም!»

ወተት ያለው መሐመድ ዘንድ ነበር። ፍየሎቹን ከታጨደው እርሻ ዳር ያሰማራል። ስርጉት ወተት የምትገዛበት ነገር ስለሌላት ዓይኗ መሬት መሬት እያየ ሄደች።

«አንቺ ስርጉት፣ ፍየሎቼ ብር አይበሉም» አላት መሐመድ። «የምትጥይው ግርድ የለም?»

ነበረ። ከማሽላው ዱቄት የተነፋው ግርድ በየቀኑ ይደፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግርዱን በቁና ወስዳ ወተት በብርጭቆ ይዛ ትመለስ ጀመር። ሰው ይህን ሲሰማ «ለድመት?» ይላል። አዎ፣ ለድመት! ለተቸገረ ሰው የሚራራስ የት አለና ነው በድመት የሚገረመው?

ስርጉት ራሷ ጾመኛ ናት። ወተት የነካው ዕቃ ከጾመኛ ዕቃ እንዳይገናኝ ተጠንቅቃለች። ለድመቷ የሰጠቻት በወባ ወድቆ፣ በእህል ጭነት ላይ ተሰቅሎ ወደ ሸሕዲ የተላከ ልጅ የተዋትን ኩባያ ነው። የሠራተኞቹ ኩባያዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ናቸው። ባለሀብቱ እንደ ስጦታ አድሎ፣ ዋጋቸውን ከሒሳባቸው ላይ ቆርጧል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ለመለየት በእጀታዋ ላይ ክር አስሯል፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ። ስርጉት የታመመውን ልጅ ክር ፈትታ ጣለችና ኩባያዋን ለብቻዋ ከእሾህ አጥሩ ላይ ሰቀለቻት። ክር የሌላት የድመቷ ናት፤ በቃ፣ አታሳስትም።

አሳሳተች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስርጉት ክር የሌላት ኩባያ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ከሚያኖሩበት ቆጥ ሥር መሬት ላይ ወድቃ አገኘች። ነፋስ ከአጥሩ ያወረዳት መሰላት። ቀና ብላ እንኳ አላየችም፤ ድስቱ እየገነፈለ ነበር። ወተቱን አፈሰሰችባት፣ ድመቷ ላሰች፣ ስርጉት ለቅለቅ አድርጋ አጥሩ ሥር አስቀመጠቻት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አያ ደረበ መጡ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ፊት ሆነው የሚያጭዱ፣ ሌላው ሁሉ በእሳቸው ማጭድ ልክ የሚከተላቸው። በዚያ ሐሩር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ነው የሚውሉት። ኩባያቸውን ፈልገው ፈልገው አጥሩ ሥር አገኟት። ከንፈሯ ላይ ያለችውን ስርጉድ እጃቸው ያውቃታል። ውኃ ቀዱ፣ አንዴ ተጎነጩ፣ ተፉት።

«ወተት! ወተት ነው! አስገደፈችኝ!»

ስርጉት ሮጣ መጣች። ቀና ስትል የድመቷ ኩባያ ከአጥሩ ላይ ተሰቅላ ታያታለች።

«አያ ደረበ፣ ይማሩኝ። የድመቷ መስላኝ ነው። ክር አልነበራትም።»

«ክሬስ የት ሄደ? ከጋቢዬ ቀይ ጥለት መዝዤ በጄ ነው ያሰርሁት! ክር እግር አለው?»

«ድመት እኮ ሰባት ዓመት ሳይሞላት አትጾምም፣ አያ» አለ እንዳለው። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

«ዝም በል፣ አንተ ለፍላፊ!» የሽማግሌው ድምፅ ተሰበረ። «ንቀሽኝ ነው፣ አንች። ያመጣን ደላላ ናቀን፣ ባለሀብቱ ናቀን፤ አሁን ደግሞ የድመት ትራፊ አጠጣሽኝ! ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይ ድመቷ ትውጣ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ።»

እሳቸው ከወጡ አጫጁ ሁሉ እንደሚከተላቸው፣ አጫጅ ካለቀ ደግሞ ወጥ ሠሪ እንደማታስፈልግ ስርጉት ታውቃለች። ድመቷ ከወጣች ከአጥሩ ማዶ የእርሻው ውሾች አሉ። መሐመድም ውሻ አለው።

«እውነታቸውን ነው» አለ አንዱ። «ይቺ ድመት ትውጣ» አለ ሌላው። የሰው ነገር! ባለሀብቱ የነቀዘ ምስር ሲልክላቸው ያጉረመረሙት በሹክሹክታ ነበር፤ መዳፍ በማታክል ድመት ላይ ግን ሁሉም ድምፅ አገኘ።

ስርጉት አልተከራከረችም። ድመቷ ወደምትተኛበት ጆንያ ሄደች። የት እንደምትወስዳት አታውቅም፤ መውሰዱን ግን ለማንም እጅ አትተወውም። ጆንያውን ቀስ ብላ አራገፈችው። ድመቷ እያዛጋች ወጣች። ከጥፍሯ ጋር ተጠላልፎ፣ ተላምጦ የረጠበ ቀይ ክር አብሮ ተጎተተ።

ስርጉት ክሩን ፈትታ ለአያ ደረበ ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው ተቀብለው በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት። ቆጡን አዩ፣ ድመቷን አዩ። ድመቷ በእጃቸው የተንጠለጠለውን የክር ጫፍ ለመያዝ በኋላ እግሯ ቆመች።

«የጋቢዬ ነው» አሉ። «አልናቅሽኝም እንግዲያ?»

«እንዴት ብዬ አያ? በርበሬ ያልነካውን ወጥ ለብቻ የማወጣው ለማን ሆድ ብዬ ነው?»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

ማንም የሳቀ የለም፤ እንዳለው እንኳ አልሳቀም። አያ ደረበ ኩባያቸውን አንስተው ድመቷ ፊት አኖሯት።

«ይቺ ገድፋለች፤ ከእንግዲህ ለኔ አትሆንም። ለሷ ትሁን። አጥሩ ላይ ያለችውም ወተት ነክቷታል። እኔ እስከ ገና በቅል እጠጣለሁ፤ አባቴም በቅል ነው የጠጣ።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ኩባያችሁን አምጡ! ክር ይመዘዛል። ብረቱን ትምዘዝ እስቲ!»

በማጭዳቸው ጫፍ የእያንዳንዱን ኩባያ ሆድ ጫሩ፤ ለአንዱ አንድ ጭረት፣ ለሌላው መስቀለኛ። «ትውጣ» ሲሉ የነበሩት ተራቸውን ጠብቀው፣ ዓይናቸውን ሰብረው ኩባያቸውን አቀበሉ።

በማግሥቱ ስርጉት ቅሉን በውኃ ሞልታ ለአያ ደረበ አቀረበችላቸው። ማንጠልጠያው የቆዳ ነው። ሳይጨርሱ ድመቷ ከሥር መጥታ በጥፍሯ ያዘችው።

«አንች ሌባ» አሏት። «ይኸ ክር አይደለም፣ ጠፍር ነው።»

ቅሉን ከፍ አደረጉት፤ ብዙም ግን አላራቁትም።