ሦስት እና ኔጌቲቭ አንድ

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ታላቅ እህቴ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ለእረፍት ነው የመጣችው። ነበረች ማለት አለብኝ። ገና አልለመድኩትም።

የፊዚክስ የቤት ሥራ ነበረኝ። አሥራ አምስት ሜትር ከፍታ ካለው ፎቅ ጣሪያ ላይ አንድ ድንጋይ በሴኮንድ አሥር ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ ይወረወራል። መሬት እስኪደርስ ስንት ሴኮንድ ይፈጅበታል? ግራቪቲን አሥር ብላችሁ ውሰዱ ይላል።

ሠርቼ አሳየኋት። ከስኩዌር ሩቱ ሥር ኔጌቲቭ ቁጥር መጥቶብኝ ስለነበር ካልኩሌተሩ ተበላሽቷል አልኳት። ደብተሩን አይታ ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ ባንተ አሠራር እኮ ድንጋዩ እስካሁን አየር ላይ ነው።»

ሁልጊዜ የምሳሳተው እዚያው ነበር። ወደ ላይ ያለውን ፖዘቲቭ ብዬ እጀምርና፣ ወደ ታች ያለውን አሥራ አምስት ሜትርም ፖዘቲቭ አድርጌ አስገባዋለሁ። ምልክቱን ስናስተካክል ሁለት መልስ መጣ፤ ሦስት ሴኮንድ እና ኔጌቲቭ አንድ ሴኮንድ። ኔጌቲቩን ጣለው አለችኝ። ለምን እንደሚጣል ስታስረዳኝ ጓደኞቼ ከምንኖርበት የኮንዶሚኒየም ብሎክ ሥር ሆነው ለኳስ ያፏጩልኝ ነበር።

«ገባህ?»

«ገባኝ» አልኳት።

አልገባኝም ነበር።

እሷ ደግሞ ሕግ ነበራት። የሠራነውን በማግስቱ ጠዋት፣ ደብተሩን ዘግቼ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ደግሜ ሠርቼ ለሷ አስረዳታለሁ። ካላስረዳሁ ቁርስ የለም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እስክሪብቶ ጫነችበት። እየሮጥኩ ስወጣ «ነገ አስተማሪው አንተ ነህ» አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ አስሟ ተነሳባት። ከልጅነቷ ጀምሮ አለባት፤ በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት ስትወስድ ይተዋት ነበር። ያን ቀን አልተዋትም። የጎረቤት መኪና አግኝተን ወደ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ስንሄድ፣ መንገድ ላይ፣ አባቴ እቅፍ ውስጥ ሞተች። በዚያው ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናት። እኔም አፈር አለበስኳት። ሌላውን በደንብ አላስታውሰውም።

በማግስቱ ጠዋት ለቅሶ ደራሾቹ ገና አልመጡም። ጠረጴዛው ወደ ግድግዳው ተገፍቷል፣ ሳሎኑ ሁሉ ፍራሽ ነው። ወረቀቱን የነካው ሰው የለም። ተቀምጬ ሠራሁ። መጀመሪያ አሥራ አምስቱን እንደገና ፖዘቲቭ አደረግኩት። ሰረዝኩት። ሁለተኛ ስሠራው ሦስት እና ኔጌቲቭ አንድ መጣ። እዚያ ቆምኩ።

እናቴ ከፍራሹ ላይ ሆና ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እህቴን ገባኝ ብዬ እንደዋሸኋትም ነገርኳት። እናቴ ፊዚክስ አታውቅም። ተነስታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እስቲ ለኔ አስረዳኝ።»

ዜሮ ማለት ድንጋዩ ከእጅ የተለቀቀበት ጊዜ ነው አልኳት። ኔጌቲቭ አንድ ደግሞ ከዚያ አንድ ሴኮንድ ቀደም ብሎ ነው።

«ታዲያ ያኔ ድንጋዩ የት ነበር?» አለችኝ።

«ያኔማ አልተወረወረም። ገና እጅ ውስጥ ነበር።»

ኔጌቲቭ አንድን ሰረዝኩ። ሦስቱን ከበብኩት። እናቴ ሄዳ ሻይ ጣደች፣ ዳቦ ቆረሰችልኝ። በላሁ።