የኋላው ወንበር ባለቤት

መኪና መንዳት ያስተማረቻቸው ሰዎች «ወይዘሮ ፍሬን» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አንድ አናጢ ነው። መንጃ ፈቃዱን በተቀበለ ማግስት፣ «ከሴትዮዋ አፍ ከፍሬን ሌላ ቃል አይወጣም፤ ባሏንም ፍሬን ብላ ሳትጠራው አትቀርም» ብሎ በሰፈሩ አወራ፣ ስሙም በዚያው ጸና። እሷ አልከፋትም። ከሰልጣኙ ጎን ተቀምጣ፣ እግሯ ሥር ለእሷ ብቻ ከተገጠሙት ሁለት ፔዳሎች፣ ከፍሬኑና ከፍሪሲዮኑ ላይ እግሯን ሳታርቅ፣ ስንቱን ፈሪ ሾፌር አድርጋዋለች።

መኪናዋ ሁልጊዜ ሦስተኛ ሰው ነበራት። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መርሳት ጀምረዋል። ምድጃ ለኩሰው ይወጣሉ፤ የማያውቁት ቤት ሄደው «ክፈቱልኝ፣ ቤቴ ነው» ይላሉ። ባሏ ዳቦ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ ቀን ቀን ቤት የሚውል ሰው የለም። እናም ወይዘሮ ፍሬን መላ ዘየደች፦ እማማን ከኋላ ወንበር አስቀምጣ፣ ቀበቶ አስራ፣ ይዛቸው ትውላለች። ሰልጣኞቹ መጀመሪያ ግር ይላቸዋል፤ ኋላ ይለምዱታል። እማማ የልጃቸው ስም ሊጠፋቸው ይችላል እንጂ የመንገድ ነገር አይጠፋቸውም። የሚፈጥነውን «ቀስ በል ልጄ፣ የሚያሳድድህ የለ!» ይሉታል። የሚፈራውን ደግሞ «ንዳው እንጂ፣ ቀብር ነው እንዴ የምንሄደው?»። ደህና የሚነዳ ሰው ሲያጋጥማቸው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እማማ ያንኮራፉለት ሰልጣኝ ፈተናውን አለፈ ማለት ነው ይባል ነበር።

ያን ቀን ግን እማማ መኪናው ውስጥ አልነበሩም። ጉንፋን ይዟቸው ነበር፤ የባሏም የእረፍት ቀን ስለነበር ከእሱ ጋር ቤት ዋሉ። መሪውን የያዘችው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። ቀይ መብራት አስቆማቸው። መብራቱ ሲለቅ ልብስ ሰፊዋ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀችውና ሞተሩ ጠፋ። የተለመደ ነገር ነው።

«አይዞሽ፣ አስነሺው» አለቻት።

ይህን እያለች በመስታወቷ አሸዋ የጫነ መኪና ሲመጣ አየች። ቀስ ሊል ነው ብላ ጠበቀች፤ አላለም። በእሷ በኩል ያሉት ፔዳሎች ማቆሚያ እንጂ መሄጃ አይደሉም፤ ነዳጅ መስጫው ያለው በልብስ ሰፊዋ በኩል ነው፣ ሞተሩም ጠፍቷል። «ራስሽን ደገፍ አድርጊ» ያለቻት ይመስላታል። ላትልም ትችላለች።

ከዚያ ግጭቱ መጣ። መኪናዋ ተወርውራ መስቀለኛውን ካቋረጠች በኋላ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ያዛት። ልብስ ሰፊዋ ታለቅሳለች። የአሸዋው ሾፌር ጭንቅላቱን ይዞ መንገዱ መሃል እየተመላለሰ፣ «ፍሬን እምቢ አለኝ፣ ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። ወይዘሮ ፍሬን ግን ወረደች፤ የሚመጡትን መኪኖች በእጇ አሳለፈች፤ ልብስ ሰፊዋን ውሃ አጠጣች፤ ለትራፊክ ፖሊሱ ቃሏን ሰጠች። ሁሉን በሥርዓቱ።

«ጎበዝ ነሽ፣ አልደነገጥሽም» አላት ትራፊኩ።

እሷም እንዳልደነገጠች አመነች። መኪናዋን የሚጎትተው ሰው መጥቶ ሲወስዳት እንኳ ዞር ብላ አላየችም።

ሐኪም መረመራት፤ አንገቷ ትንሽ ከመወጠሩ በቀር ምንም የለም ተባለ። ልብስ ሰፊዋም ደህና ነች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዓለም ሁሉ ከወፍራም ጨርቅ ጀርባ ያለ መሰላት። ሻይ ትጠጣለች፤ ይሙቅ ይቀዝቅዝ ልብ አትልም። ጎረቤቶች «እንኳን አተረፈሽ» ሲሏት ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስል «አዎ፣ ተመስገን» ትላለች። ባሏ ቀልድ ያወራላታል፤ የሚሳቅበት ቦታ ሲደርስ ትስቅለታለች።

የሚያስቸግረው ጠዋቱ ነበር። እማማ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ።

«ሥራ አንሄድም እንዴ? ረፈደ እኮ።»

«መኪናዋ ተገጭታለች፣ እማማ። ጋራዥ ናት።»

«ውይ በሞትኩት! ሰው ተጎዳ?»

«ማንም አልተጎዳም።»

«እሰይ።» ቦርሳቸውን ያስተካክሉና፣ «እና ሥራ አንሄድም?»

ለእሳቸው በየቀኑ አዲስ ወሬ ነው፤ በየቀኑ ክው ይላሉ። እሷ ቆማ ታያቸዋለች። የእሷን ድንጋጤ እሳቸው የሚደነግጡላት ይመስላት ጀመር።

የኢንሹራንሱ ገማች ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። መኪናዋ ሥር ተኝቶ አይቶ፣ በሜትር ለክቶ፣ ደወለላት።

«ሻንሲዋ፣ ከሥር የሚሸከማት ብረት፣ ከኋላ ተጣሟል። የጥገናው ወጪ ብዙ ነው፤ ግን ደንቡ ከጥቅም ውጭ ናት የሚልበት ልክ ላይ አልደረሰም። ጠርዙ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ባለቤቱን እንጠይቃለን። ትጠገን ካሉ እናስጠግናለን፤ ይቅርብኝ ካሉ መኪናዋን ወስደን የወቅቱን ዋጋዋን እንከፍላለን።»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔ እንኳን እግረኛ ነኝ፣ እመቤት» አላት። ይቀልድ ይሁን ከምሩ ይሁን አልለየችውም።

ባሏ ትጠገን ባይ ነው። «አሮጌ ናት ብለው በሚሰጡን ሌላ አንገዛም። ያውም ሁለት ፔዳል የተገጠመላት! እማዬስ? እስከዚያ ምን ትሁን?» የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር።

«እንዳልክ» አለችው።

«እንዳልክ አትበይኝ፤ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምንም አልልም።»

እውነቷን ነበር። ውስጧን ብትፈትሸው ባዶ ነው።

ገማቹ መልስ ስለሚጠብቅ፣ መኪናዋን አይታ መወሰን ነበረባት። ባሏ ሥራ ስለገባ እማማን ይዛ በታክሲ ሄደች። የጋራዡ ባትላሜራ፣ የተጨፈለቀ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ የሚያቀናው ሰው፣ ጆሮው ከመዶሻው ብዛት ደከም ስላለ እየጮኸ ነው የሚያወራው።

«እህቴ፣ በዚህም ታስቢያለሽ? ከዚህ የባሰውን ስንቱን አቅንቻለሁ! ስቤ፣ ቀጥቅጬ፣ ቀለም ቀብቼ ስሰጥሽ የኔ አይደለችም ብለሽ እንዳትመልሻት!»

እሱ እንዲህ ሲላት እማማ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ መኪናዋ አዘገሙ። የኋላውን በር ሳቡት። እምቢ አለ። ደግመው ሳቡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው መስታወቱ በረገፈው መስኮት አንገታቸውን አስገቡ።

«አንቺ፣ ነይ እስቲ! ቦታዬ የታለ?»

ሄደች። የኋላ ወንበር የሚባል ነገር አልቀረም። የዕቃ መጫኛው ተጨፍልቆ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የኋላውን መደገፊያ ገፍቶ ከፊተኛው ወንበር ጀርባ ጋር አጣብቆታል። መሃሉ ቡጢ አያስገባም። እማማ ወገባቸው ላይ የሚያደርጓት ትንሽ ትራስ ጥጧ ወጥቶ እዚያ መሃል ተሰንቅራለች።

«ትራሴን ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ እማማ፣ በጣም ተቀይመው።

ወይዘሮ ፍሬን ቆማ አየች። አሁን ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ እንባ ወይ መንቀጥቀጥ፣ ብቻ አንድ ነገር። አልመጣም። እጇ ግን ሳታዘው ሄዶ የእማማን ክንድ ያዘ።

«አሳመምሽኝ እኮ፣ ልጄ።»

አላላችው እንጂ አልለቀቀችም። ወደ ባትላሜራው ዞረች።

«ካቀናሃት በኋላ፣ ሌላ ቢገጫት እንደ ድሮዋ ትችለዋለች?»

ሰውዬው መዶሻውን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ተናገረ። «መልኳን እመልስልሻለሁ። አንዴ የታጠፈ ብረት ግን በታጠፈበት በኩል ድጋሚ መታጠፍ ይቀለዋል። እሱን አልዋሽሽም። ደግሞ ካልገጫት ምንም አትሆንም።»

«ባይገጫት።»

«አዎ፣ ባይገጫት።»

እዚያው ቆማ ለገማቹ ደወለች። «ይቅርብኝ፣ ውሰዷት» አለችው። ስለ ዋጋው ላስረዳዎት ሲላት፣ «ገብቶኛል» ብላ ዘጋችው። ድምጿ ሱቅ ደውሎ ሳሙና እንደሚያዝ ሰው ድምፅ ነበር። ከዳሽቦርዱ መነጽሯን አወጣች፤ እማማ ትራሴን ካልወሰድኩ ብለው ስላስቸገሩ ባትላሜራው በብረት ፈልቅቆ አወጣላቸው።

ባሏ ከፈረቃ ሲመለስ ነገረችው። ተቆጣ። ሳታማክሪኝ፣ ነገ ምን ልንበላ ነው፣ እማዬን የት ልናደርጋት ነው፣ ብዙ ተናገረ። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ወንበሩ ቡጢ አያስገባም» አለች።

«የትኛው ወንበር?»

«የእማማ።»

ጫማውን ሊያወልቅ አጎንብሶ ነበር፤ እንዳጎነበሰ ቀረ። ከዚያ አንድ እግሩን በካልሲ፣ አንዱን በጫማ እንደሆነ ተነስቶ እናቱ ወደተኙበት ክፍል ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ስለ መኪናዋ ከዚያ ወዲያ አላነሳባትም።

ኢንሹራንሱ የሰጣቸው ገንዘብ፣ ባሏ እንደፈራው፣ ሌላ መኪና አልገዛም። ወይዘሮ ፍሬን አንድ የማሰልጠኛ ተቋም ተቀጥራ በእነሱ መኪና ማስተማር ጀመረች። የተቋሙ ደንብ ከሰልጣኝና ከአስተማሪ ሌላ ሰው አያስጭንም። በራሷ ጊዜ መሥራቷ ቀረ፤ አለቃ አላት፤ የቅጽል ስሟንም እዚያ የሚያውቅ የለም። ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ አልመጣችም። በአውቶቡስ ትሄዳለች ሲሉ ሰማች።

ለእማማ መላ ያመጣው የተቋሙ ጥበቃ ነው። መለማመጃው ሜዳ ዳር፣ ጥላ ካለበት፣ ወንበር አወጣላቸው። እማማ እዚያ ተቀምጠው ይውላሉ። ወደ ኋላ መንዳት የሚለማመድ ሰው የላስቲክ ምልክቶቹን ሲጥል፣ «አንተ፣ ደግሞ አንስተህ አቁማቸው!» ብለው ይጮኹበታል፤ የገዛ አስተማሪውን የማይሰማ ሁሉ እሳቸውን ይሰማል።

ወይዘሮ ፍሬን ሠራች፣ ተኛች፣ ተነሳች። አንድ ቀን ከእህቷ ጋር ሰሃን እያጠቡ ሳለ፣ «ያን ቀን ጉንፋን ባይዛቸው ኖሮ» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። እህቷም ሰሃኑን ተቀብላ አደረቀችው።

ዝናብ ሲሆን ጥበቃው እማማን ወደ ክፍሉ ያስገባቸዋል። ሁለቱ ሬዲዮ ይሰማሉ። ስሙን በየቀኑ ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም በየቀኑ እጁን ጨብጠው ይተዋወቁታል። በምሳ ሰዓት ወይዘሮ ፍሬን ዳቦና ሾርባ ይዛ ትመጣና ከመሃላቸው ትቀመጣለች። ለእማማ ዳቦውን ትቆርስላቸዋለች፣ እሳቸው ሾርባው ጨው በዛበት ይላሉ፤ እሷም ቀምሳ፣ እውነትም በዝቷል ትላለች።