ትንሽ ቀላ አድርጋት

ሰልችቶኛል። የካ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ባለችው ክፍሌ የሰው ፊት በኤርብራሽ፣ ቀለም በአየር በሚነፋ መሣሪያ እስላለሁ። አየሩን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ቀኑን ሙሉ ያደነቁረኛል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ከሁሉ የሰለቸኝ ግን ደንበኛ ሁሉ የሚላት ነገር ናት፦ «ትንሽ ቀላ አድርጋት።» ሙሽራውም ይቅላ፣ ተመራቂውም ይቅላ፣ የሞተውም ይቅላ። ይቅላ እንግዲህ! ነጭ እየጨመርኩ ስንቱን ሰው ኖራ የተቀባ ግድግዳ አስመስዬ ሸኝቻለሁ።

አንዲት ሴት የእናቷን ፎቶ ይዛ መጣች። እናትየዋ በቅርቡ አርፈዋል፤ ፎቶ ቤቱም እንደ ልማዱ አቅልቷቸዋል። እሷ ግን ያም አልበቃትም። «ወንድሜ፣ ከዚህም ትንሽ ቀላ አድርጋት። ሳሎን ነው የሚሰቀለው፣ እንግዳ ያየዋል» አለችኝ። አልተከራከርኩም፤ ለክርክር አቅሙ የለኝም።

ሥዕሉን ልትወስድ ስትመጣ አባቷም አብረዋት መጡ። ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ሥዕሉን ቀረብ ብለው አዩት፣ ራቅ ብለው አዩት።

«ይቺ ማናት?»

«አባዬ፣ እማዬ ናት እኮ!»

«እኔ ያገባኋት ጠይም ናት። ይቺን አላውቃትም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ መልኳ እየጠፋብኝ ነው። ላስታውሳት ብዬ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ይሄ ፎቶ ነው። ጨርሶ ሳይጠፋብኝ ሥራልኝ፣ በሞቴ!»

በሞቴ ከተባልኩ ወዲያ ምን እላለሁ? ግን ከየት አምጥቼ ልሥራው? ፎቶው ላይ የሴትየዋ ቀለም የለም። ቆዳን በጥቁር ቀለም ማጥቆር አይቻልም፤ አመድ ይሆናል። ቀይና ቢጫ ተደባልቆ፣ ሰማያዊ ጠብ እያለበት እስኪሰክን ነው ጠይም የሚመጣው። ስንት ጠብ እንደሚበቃው ለማወቅ ደግሞ የሰው ቆዳ ማየት አለብኝ።

«አባባ፣ የእሳቸውን መልክ የወሰደ ዘመድ አለዎት?»

«ይቺው ናት» አሉ፣ ልጃቸውን እያሳዩኝ።

አየኋት። ፊቷን ክሬም አቅልቶታል፣ አንገቷንም። ማየቴን አውቃ አቀረቀረች። ከዚያ ቀኝ እጇን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ። ክሬም የጣት አንጓ ላይ ብዙም አይሠራም። የእናቷ ቀለም እዚያ ሳይነካ ቁጭ ብሏል።

ከእጇ አጠገብ ወረቀት አድርጌ ቀለሙን እየነፋሁ ሞከርኩ። ሲጠቁርብኝ ቢጫ ጨመርኩ፤ ወደ አረንጓዴ ሲሄድብኝ በቀይ መለስኩት። እጇን አላነሳችም። አንጓዋና ወረቀቱ አልለይ ሲሉኝ የእናቷን ፊት እንደገና ነፋሁት።

ሽማግሌው አዩና «እሷ ናት» አሉ። እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺም እኮ እንዲህ ነበርሽ» አሏት።

ቁጣ አልነበረበትም። እሷንም ናፍቀዋት ነበር።