አይሠራም የተባለው ኮምፒውተር

እትዬ ካርቦንን ከነኮምፒውተራቸው ለማስወገድ በተሰበሰበው ኮሚቴ ውስጥ እኔም ነበርኩበት። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ «አየኸው ይሄን አስመሳይ» እንዳትሉኝ ነው። ሦስት ነበርን፤ የንብረት ክፍሉ ሹም፣ የኮምፒውተር ባለሙያው፣ እኔ ደግሞ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ። እኔን ለምን እንደመረጡኝ አውቃለሁ። ፈርም የተባልኩበት ቦታ ላይ የምፈርም ሰው ነኝ።

እትዬ ካርቦን የመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ ናቸው፤ ከኔ ጋር አንድ ክፍል ነው የምንቀመጠው። የእናት የአባት ስም አላቸው፤ ግን ከደመወዝ ወረቀቱ በቀር በእሱ የሚጠራቸው የለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በታይፕ ፍጥነት ተፈትነው ገቡ፤ አሁን አምሳ ሰባት ሞልቷቸው ጡረታቸው ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በምክንያት ነው። በገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ ያኔ የነበረው ኃላፊ አንድ ደብዳቤ አስጽፎ ፈረመ፤ ነገሩ ሲበላሽበት ደግሞ «እኔ እንዲህ አላልኩም፣ ጸሐፊዋ ናት ያጣመመችው» ብሎ ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። ደብዳቤው ጠፋ ተባለ፤ ቅጂ አልነበረውም። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ባልሠራችው ጥፋት ሁለት ወር ከሥራ ታግዳ ቤቷ ተቀመጠች። ስትመለስ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችምም። ከዚያ ወዲህ ግን አንዲት መስመር ብትሆን እንኳ ከሥሯ ካርቦን ሳያስገቡ ጽፈው አያውቁም።

ታይፑ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ካርቦኑ ቀረ፤ አመሉ ግን የት ይሄዳል። ማንኛውንም ደብዳቤ ሁለት ሁለት ያትማሉ፤ አንዱ ወደ ባለጉዳዩ፣ አንዱ ወደ ራሳቸው ቁምሳጥን። ዕቃ ሲያውሱም ያስፈርማሉ። «ስቴፕለርዎን ለአምስት ደቂቃ» ብሎ የመጣ ሰው ደብተራቸው ላይ ፈርሞ ነው የሚወስደው። እንስቅባቸው ነበር፤ እኔም ስቄያለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለው ኮምፒውተራቸው ዘንድሮ ታመመ። ጠዋት ለመከፈት ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከተከፈተ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ድርቅ ይላል። ባለሙያው ተጠራ። ይህን ሰው «ፎርማት» ነው የምንለው፤ ኮምፒውተር ምን ቢሆን መልሱ «ፎርማት ይደረግ» ነዋ። ውስጡ ተጠራርጎ ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫን ማለቱ ነው። የዚያን ዕለት ማክሰኞ ግን ወንበር እንኳ ሳይስብ ቆሞ አየውና ይሄንስ ፎርማትም አያድነውም አለ። ሲገዛ አብሮት የመጣው ኦሪጅናል ሲዲ ከሌለ ሲስተሙን መልሶ መጫን አይቻልም፤ ዕቃውም አርጅቷል፤ ይወገድ።

እትዬ ካርቦን መሳቢያቸውን ስበው ደብተራቸውን አወጡ። የዛሬ አራት ዓመት የተጻፈ ገጽ ገልጠው አፍንጫው ሥር አስቀመጡለት። «ሁለት ሲዲ ወስጃለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ» ይላል፤ ፊርማው የገዛ ራሱ ነው። ፎርማት ተንተባተበ። ለሆነ ሰው አውሶት እንደነበር፣ ያም ሰው ለሌላ እንዳዋሰው፣ አንደኛው እንደተሰበረ፣ ሁለተኛው የት እንዳለ እንደማይታወቅ ቀስ በቀስ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ይል ነበር። እሱ ነጭ ወረቀት ላይ በትልልቁ፣ ከላይ «አይሠራም»፣ ከሥሩ «አይነካ» ብሎ ጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአሁኑ ኃላፊያችን አስጠራቸው። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ፣ ደግሞም አሁን ስለማይሰማኝ፣ አንተ እያልኩ ነው የማወራላችሁ። ኮሚቴው ሰኞ እንደሚሰበሰብ፣ ኮምፒውተሩ ሲወገድ ሌላ እንደማይተካ፣ ሠራተኛው ደብዳቤውን በየላፕቶፑ እንደሚጽፍ፣ እሳቸውም ጡረታቸው እስኪደርስ ከጓሮ ያለው መጋዘን ውስጥ እንደሚቀመጡ ነገራቸው። እዚያ ሥራው ምንድን ነው ሲሉት «ያው መቀመጥ ነው፤ ያርፋሉ» አለ። መጋዘኑን አውቀዋለሁ። መስኮት የለውም፤ ያለው የተሰባበረ ወንበር፣ መጥረጊያና ባዶ የቀለም ጣሳ ነው። ሰውን በቁሙ መቅበር ይሉታል እንጂ ማሳረፍ አይሉትም።

አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ ብዬ ነበር። ወይ ፍንክች። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «ሰማህ? እኔንና ይሄን ማሽን በአንድ ቃለ ጉባኤ ሊጥሉን ነው። እሱ ከሠራ እኔ የትም አልሄድም» አሉኝ።

ሲዲው እኮ የለም አልኳቸው። እሳቸው ግን ሌላ ገጽ እየገለጡ ነበር።

ታይፒስት ፊቱ የተጻፈን ነገር ሳያነብ አያልፍም። ይህ ኮምፒውተር ሲበራ፣ መስታወቱ ገና ጥቁር ሳለ፣ ከግርጌው ለሁለት ሰከንድ ያህል ብቅ ብላ የምትጠፋ አንዲት መስመር አለች። እኛ ሁላችን «እስኪከፈት» ብለን ለሻይ የምንነሳው ያኔ ነው። እሳቸው አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት አንብበዋታል፤ ደብተራቸው ላይም ገልብጠዋታል። ሲስተሙን ወደ መጀመሪያው ለመመለስ ኤፍ አሥራ አንድ የተባለውን ቁልፍ ተጫን ነው የምትለው። ፋብሪካው የሲዲውን ቅጂ እዚያው ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ፣ ማንም በማይደርስበት ጥግ ደብቆ አስቀምጦታል ማለት ነው።

«ቅጂ አስቀርቷል» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት። «እንደኔ ያለ ሰው ነው የሠራው።»

ችግሩ፣ ቁልፉ ከተነካ በኋላ ሌላው ሁሉ ይጠፋል። የአሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤ አስቀድሞ ወደ ፍላሽ መውጣት አለበት። ረቡዕ ጠዋት የፎርማትን ወረቀት በጥፍራቸው ቀስ አድርገው ላጡት፤ ማታ ሲወጡ መልሰው ለጠፉት። ሐሙስም እንዲሁ፣ ዓርብም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ ሲደርቅ ያጠፉታል፣ ያበሩታል፣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ የወጣውን ደብተራቸው ላይ ምልክት ያደርጉበታል። እኔ ከመዝገብ መደርደሪያው ጀርባ ሆኜ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ወደ በሩ አንገቴን አሰግግ ነበር። አይነካ የተባለውን ነክተው ቢያዙ እኔም አይተህ ዝም አልክ እባላለሁ። በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ፣ ይተዉት እትዬ፣ ነገር ከማብዛት ዝምታ ወርቅ ነው አልኳቸው።

«ዝምታ ወርቅ ቢሆን ኖሮ አንተ ይሄኔ ባለ ፎቅ ነበርክ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፤ ኃላፊው አይመጣም። ሦስት ሰዓት ላይ አበሩት። መስመሯ ብቅ ስትል ቁልፉን መቱ፤ አመለጠቻቸው። ደግመው አጥፍተው አበሩት፤ አሁን ያዟት። ኮምፒውተሩ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ «አዎ» የሚለውን ተጫኑ፤ አንዲት ሰማያዊ መስመር በቀንድ አውጣ እርምጃ መሄድ ጀመረች። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ከወንበራቸው አልተነሱም። ሲያልቅ ኮምፒውተሩ እንዳልተነካ ዕቃ ተከፈተና የባለቤቱን ስም ጠየቀ። «ካርቦን» ብለው ጻፉ። በዚያ ስም ራሳቸውን ሲጠሩ ያን ቀን ገና አየሁ፤ ሳቄ መጣ፣ ደስም አለኝ።

ደስታው ግን አልበረከተም። ከፍላሹ አንድ ደብዳቤ ሲከፍቱ የወጣው ደብዳቤ አልነበረም። የጥያቄ ምልክት፣ ሰረዝ፣ ሳጥን፣ የተጣመመ ነገር፣ ከላይ እስከ ታች። ሌላ ከፈቱ፤ ያው። ፊደላችንን የሚጽፈው ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣ አልነበረም፤ ኋላ የተጫነ ነው፤ ከሌላው ጋር ተጠርጎ ሄዷል። የስቴፕለር ቅጂ ቢኖር የሚያስቀሩት ሴት ይህን እንዴት ዘነጉ? እኔ ሲገባኝ ቆይቶ ነው። ታይፕ ላይ ፊደል ብረት ነው፤ ከማሽኑ ጋር ተበይዶ የመጣ፣ ማሽኑ እስካለ ያለ። ይህን ይዘው ነው የኖሩት። ፊደል ይጠፋል ብሎ የሚያስብ ታይፒስት የት አለ?

ፊታቸው ላይ ያኔ ያየሁትን ዳግም ማየት አልፈልግም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ ነግሬዎት ነበር አልኩ። ደብተራቸውን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወረቀቱ ቢጫ እስከሆነበት ድረስ ገለጡ። ከዚያ ፍላሻቸውን ነቅለው ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰውዬ አለ። ታይፕ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከአሥር ዓመት በፊት የፊደሉን ፕሮግራም በፍላሽ ሰጥተውት ነበር፤ ያውም አስፈርመውት። ሊዘጋ ሲል ደረሱበት። ፊርማውን ሲያሳዩት ሰውዬው ስቆ፣ ያበደርሽውን ልትቀበይ መጣሽ ወይ እንዳላቸው ኋላ ነገሩኝ። ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ ተመለሱና ጫኑት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ዳግም ሲከፍቱ ፊደሎቹ አንድ ሳይጎድሉ ቦታቸው ላይ ነበሩ። እትዬ ካርቦን ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ድረስ አነበቡት።

«ሰኞ ስብሰባው ላይ ያየኸውን ተናገር» አሉኝ የፎርማትን ወረቀት መልሰው እየለጠፉ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሺ አልኩ።

ሰኞ ኃላፊው ቢሮ ተሰበሰብን። ፎርማት ሪፖርቱን አነበበ። ኮምፒውተሩ ያለው ሃያ እርምጃ ርቆ ነው፤ ተነስቶ እንየው ያለ የለም። አስተያየት ያለው አለ ወይ ተባለ። አፌን ከፈትኩ፤ ኃላፊው አየኝ፤ አሳለኝና «የለኝም» አልኩ። ከራስ በላይ ነፋስ ይሉት ነገር ነው። ረቂቁ ተጻፈ፦ ሁለት ወንበር፣ አንድ ማራገቢያ፣ አንድ የተሰበረ ጠረጴዛ፣ በተራ ቁጥር አራት ደግሞ «አንድ ኮምፒውተር፣ ፈጽሞ የማይሠራ»። ኃላፊው ወረቀቱን ወደኔ ገፋና አስጽፈህ አምጣው አለ። ማን ነው የሚጽፈው፣ በምንስ ነው የሚጻፈው ያለ አልነበረም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሚጻፍ ነገር የሚሄደው ወደ አንድ ጠረጴዛ ነው፤ እኔንም እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ።

እትዬ ካርቦን ረቂቁን አነበቡ።

«ተናገርክ?»

«አልተመቸኝም» አልኩ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ከኮምፒውተሩ ላይ ላጡና አበሩት፤ በአንድ ደቂቃ ተከፈተ። ነጠላ ሰረዝ ሳያጎድሉ፣ ራሳቸው የሚወገዱበትን ቃለ ጉባኤ በአሥር ጣታቸው ጻፉ። ከፊርማው ቦታ ሥር አንድ መስመር ከራሳቸው ጨመሩ፦ «ይህ ቃለ ጉባኤ የተጻፈው በተራ ቁጥር አራት ፈጽሞ የማይሠራ በተባለው ኮምፒውተር ነው።» አትመው ሰጡኝ።

«አስፈርማቸው። አንተም ፈርም፤ እውነት ከመሰለህ።»

ያ ሃያ እርምጃ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። የንብረት ሹሙ እንደ ልማዱ ሳያነብ ፈረመ። ፎርማት አነበበና ብዕሩን ከደነ። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። «እውነት ነው» አልኩ። «ቅዳሜ ሲሠሩት አጠገባቸው ነበርኩ። ቅድም ያልተናገርኩት ፈርቼ ነው። እኔ ይሄን አልፈርምም።» ድምፄ ቀጥኖ ነበር፤ ቢሆንም ወጥቷል።

ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ ወደ ክፍላችን መጣ፤ እኛም ተከተልነው። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጦ፣ ከታች ያለውን መስመር ያጥፉና እንደገና ይጻፉት አላቸው። ከወንበራቸው አልተነሱም።

«እጽፋለሁ፣ ሥራዬ ነው» አሉ። «በምን ልጻፈው?»

ፎርማት ከኋላ ሆኖ፣ ያለ ሲዲ እኮ አይቻልም ብሎ ጀመረ።

«አንተ ሁለት ሲዲ አለብህ» አሉት።

ኃላፊው መስታወቱን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ወረቀቱን አየ። በመጨረሻ፣ ተራ ቁጥር አራት ይውጣ አለ። እትዬ ካርቦን አወጡት፤ ሁለት ቅጂ አትመው አንዱን ሰጡት። የመጀመሪያውንም መልሶ ሊወስድ እጁን ሲዘረጋ፣ የንብረት ሹሙ የፈረመበትን ማለት ነው፣ ቀድመውት ቁምሳጥናቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። መጋዘን የሚባል ነገር ከዚያ ወዲህ ያነሳባቸው የለም።

ሁሉም ሲወጡ መቀስ አነሱና የፎርማትን ወረቀት መሃል ለመሃል ቆረጡት። «አይሠራም» የሚለው ግማሽ ፋይል ውስጥ ገባ። «አይነካ» የሚለውን ኮምፒውተሩ ላይ መልሰው ለጠፉት። እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ስገባ አነበዋለሁ።