ባለ ሁለት አፍ ኮዳ

ወጣቶች በመብራት ጠመንጃ የሚታኮሱበት የጨዋታ አዳራሽ ውስጥ፣ ትኬት ቆራጯ ጠዋት ስትገባ የመጫወቻ ዕቃዎቹ ጠጋኝ ሁሌም ቀድሟት ይገኛል። ጠጉሩ የሸበተ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ቃል ከአፉ በጠብታ የሚወጣ ሰው ነው። የጨዋታውን ሰደሪያዎች በየተራ ራሱ ይለብስና ጠመንጃውን ያቀብላታል።

«እስቲ ተኩሺብኝ፣ ልጄ።»

ደረቱ ላይ ቀዩ መብራት በርቶ ሰደሪያው ሲጮህ ፊቱ ይፈታል። ሰደሪያው ካልጮኸ ግን አውልቆ፣ የታመመ ሰው እንደሚያስታምም ሁሉ ሲፈታታው ይውላል።

«ለጨዋታ እንዲህ መጨነቅ ምንድን ነው፣ ጋሼ?» አለችው አንዴ።

«የተመታ ሰው ሳይታወቀው እየሳቀ ሲሮጥ ማየት አልወድም» አለና ካቻቢቴውን አነሳ።

ከጎኑ የማትለየው ኮዳ መሃሏ ተከፍሎ ሁለት አፍ አላት። ሌላ ሰው ቢሆን ባንዱ በኩል ሻይ ይይዝባት ነበር፤ እሱ ሁለቱንም ውሃ ይሞላል። የሚጠጣው ግን ከአንዱ ወገን ብቻ ነው። የሌላውን ማታ ሲወጣ በር ላይ ያለው አበባ ሥር ያፈሰዋል። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ «የሰው ነው፤ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰ ጓደኛዬ» ብሏት ክዳኑን ገጠመ።

ቧንቧው የደረቀ ቀን ሙቀቱ አናት ይበሳ ነበር። ጉሮሮዋ ተጣብቆ ስታስል ሰማትና ኮዳዋን አነሳ፤ የራሱ ወገን ባዶ ነው። ሙሉውን ወገን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ከፍቶ ዘረጋላት።

«የሰው ነው ብለኸኝ የለ?» አለች፣ ለመቀበል ፈርታ።

«ነው። ጠጪ፤ እሱም ቢሆን እየሳቀ ነበር የሚሰጥሽ።»