የለቃሚዎቹ ጸጉር

ባለፈው ወር ዲላ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጸጉር ቤት ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጸጉር ሠሪዋ ልጅ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ ከፍታ መዳፏ ላይ ጠብ ስታደርግ፣ ያ ከባድ፣ እንደተቆላ ባቄላ ያለ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና የእናቴ ጓሮ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ልጅቷ ዘይቱ ከውጭ አገር እንደመጣና ለሚነቃቀል ጸጉር ፍቱን መሆኑን በትዕግሥት አስረዳችኝ። እኔም በትዕግሥት አዳመጥኳት። እኛ ቤት አጥር ላይ በየዓመቱ ይበቅል የነበረ፣ ፍየል እንኳ ዞር ብሎ የማያየው ጉሎ መሆኑን ብነግራት የምታምነኝ አልመሰለኝም።

ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ቤታችን ከቡና መጋዘኖቹ ጀርባ ነበር። እናቴ አስካለ ቡና ለቃሚ ነበረች፤ ከንጋት እስከ ማታ ከብዙ ሴቶች ጋር የመጋዘን ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ከተፈለፈለው ቡና ውስጥ የጠቆረውን፣ የተሰበረውንና ጠጠሩን በጣቶቿ እየለቀመች ታወጣ ነበር። እናቴን ከማስታውስበት ነገር ሁሉ የሚቀድመው ራሷ ነው፤ የተላጨ ራሷ። አባቴ ሲሞት እኔ ገና ጥርሴን አልነቀልኩም ነበርና መሞቱ አልገባኝም፤ የገባኝ የእናቴ ጸጉር መጥፋቱ ነበር። በእጄ እየዳበስኩ «መቼ ይመጣል?» እያልኩ እጠይቃት ነበር፣ እሷም «ይመጣል፣ እሱ እንኳ ይመጣል» ትለኝ ነበር።

ጸጉሯም ክረምት በክረምት መጣ። ክረምት ቡና ስለማይገባ መጋዘኑ ይዘጋና ለቃሚዎቹ ሥራ ይፈታሉ፣ ስለዚህ የጸጉር ወቅት ክረምት ነበር። ከቆርቆሮ ጣራችን ጫፍ ሥር በርሜል ደቅነን የዝናብ ውሃ እናጠራቅማለን፤ እናቴ የዝናብ ውሃ ጸጉር ያለሰልሳል፣ የጉድጓድ ውሃ ግን ያደርቃል ትል ነበርና በርሜሉን ለድስት ማጠቢያ የነካ ሰው ወዮለት። ቅቤ የባለሱቅ ሚስቶች ነገር ነበር። እኛ የጉሎውን ፍሬ ቆልተን፣ በሙቀጫ ወቅጠን፣ በድስት ውሃ እናፈላውና ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት በማንኪያ እየቀዳን በጠርሙስ እናኖረዋለን። ሲፈላ ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ይይዝ ነበር። እናቴ ግን ይሄ ሽታ ማን ሠርቶ እንደሚያድር ያሳያል እያለች ድስቱን ከጓሮ ወደ ደጅ ታወጣላቸው ነበር፣ በደንብ እንዲሸታቸው።

ዘይቱን ከተቀቡ በኋላ የእንሰት ቅጠል፣ ኮባ፣ እሳት ላይ ለብለብ አድርገው እስኪለዝብ ያሞቁና በራሳቸው ላይ ጠቅልለው ያድሩበታል፤ ሙቀቱ ዘይቱን ወደ ሥሩ ያሰርገዋል፣ ትራስም አይበላሽም። ይህን ያስተማረችን ከቡሌ ደጋ ወርዳ ከእናቴ ጎን የምትለቅመው እትዬ ወርቄ ነበረች። ጌዴኦ ናት፤ አማርኛዋን ከመጋዘኑ የለቀመችው ስለሆነ ሴቷንም እንደ ወንድ ትጠራ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ኮባውን ራሴ ላይ ስታስርልኝ «ይሄ ልጅ ዛሬ ቆጮ ሆነ» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች፣ እኔም አኮረፍኩ፣ ጧት ስነሳ ግን ጸጉሬ እንደ ሐር ነበር።

መስከረም ጠብቶ ቡና መግባት ሲጀምር እሑድ እሑድ ጓሯችን በለቃሚዎች ይሞላ ነበር። የቤተ ክርስቲያንም የጸሎት ቤትም ሰዎች ከየአምልኳቸው ሲወጡ ይመጡና፣ አንዷ በሌላዋ ጉልበት መሐል እየተቀመጠች ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ከፊት ያለችው ተሠርታ ስታበቃ ተነሥታ ከኋላ ያለችውን ትሠራለች። ገንዘብ የሚባል ነገር አይነሣም፤ አንዷ ጉሎ ለቅማ ትመጣለች፣ ሌላዋ ኮባ ትቆርጣለች። የእናቴ አሠራር ለሥራ የታሰበ ነበር፦ ሹሩባው ቀጭን፣ ከግንባር ወደ ኋላ የተሳበ፣ ጫፉም ማጅራት ላይ ተጠቅልሎ የተሸጎጠ፣ የመጋዘን አቧራ የሚገባበት ቀዳዳ የሌለው። አንዴ ከተሠራ ሁለት ሳምንት ያለ መስታወት ያሳድራል። በማግስቱ እነዚያ ሴቶች በረድፍ ወደ መጋዘኑ ሲገቡ ከኋላ ላያቸው ወይዛዝርት ይመስሉ ነበር፣ እኔም ከትምህርት ቤት መንገዴ ጎራ ብዬ አያቸው ነበር፤ አልዋሽም፣ እኮራ ነበር።

ኅዳር ላይ አዲስ ካቦ መጣ። ካቦ የምንለው ለቃሚዎቹን የሚቆጣጠረውን አለቃ ነው፤ የዚህኛው ስም ደምሴ ነበር። ማታ ማታ በሩ ላይ ቆሞ የሚወጡትን ሴቶች ኪስና ቀሚስ ያስፈትሻል። ይህን ለምደውታል። ከዚያ ግን እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ በሹሩባቸው መሐል እየሰደደ መቆፈር ጀመረ፤ ቡና በጸጉራችሁ እየሸጎጣችሁ ትወጣላችሁ አላቸው። አንድ ቅዳሜ የአንዲት ወጣት ለቃሚ ራስ በእርሳሱ ደማ፤ እሱ ግን በመደንገጥ ፈንታ መላ ያገኘ መሰለውና ሁሉንም ሰብስቦ «ከሰኞ ጀምሮ ጸጉሯን ያልተላጨች እዚህ በር አትደርስም» አለ።

እናቴ ያን ማታ ወደ ቤት ስትገባ ነጠላዋን ሳታወርድ እሳቱ ዳር ተቀመጠች፣ እጇም ደጋግሞ ወደ ማጅራቷ ይሄድ ነበር። መጋዘኑን ትታ የምትሄድበት አልነበራትም፤ የእኔም ደብተር የቤታችንም ሽሮ ከዚያ ይመጣ ነበር። ያ ጸጉር ደግሞ ከአባቴ ሞት ወዲህ የበቀለ ጸጉር ነው። እኔ በልጅ አእምሮዬ የተረዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ እንደገና ከተላጨች አባቴ እንደገና የሚሞት መስሎኝ ፈራሁ።

እሑድ ለቃሚዎቹ ጓሯችን ሲሰበሰቡ የሚሠራ አልነበረም። ከፊሉ እንላጭና ልጆቻችንን እናብላ፣ ጸጉር ይበቅላል አሉ። እትዬ ወርቄ ብድግ ብላ «እኔ ባል አልሞተ፣ ልጅ አልሞተ። ጸጉር ለምን ይሞታል?» አለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። «እንግዲያው ለቅሶ ነው የታዘዝነው፤ ለቅሶ እንቀመጣለን» አለች፣ ከዚያም እንደ ወትሮው ወደ ሰንሰለቱ ጠራቻቸው። ያን ቀን የሠራችው ሹሩባ ከወትሮው ሁሉ የጠበቀ ነበር።

ሰኞ ጧት ለቃሚዎቹ ጥቁር ሻሽ አስረው፣ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው፣ መጋዘኑ በር ላይ ሰሌን ዘርግተው ተቀመጡ። እኔም ትምህርት ቤቱን ትቼ ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ። አንዲት ቃል አልተናገሩም፣ ማንንም አልዋሹም። ግን አገሬው ለቅሶ ሲያይ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ሐዘንተኛ ፊት ቆሞ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ የመጣ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ የሞተውን የሚያጣራው ከተቀመጠ በኋላ ቀስ ብሎ፣ ከጎኑ ካለው ነው። ከገጠር ቡና ጭነው የመጡት አህዮቻቸውን አቁመው አለቀሱና ተቀመጡ። የመኪና ረዳቶች ወርደው ተቀመጡ። እርስ በርስ ሲጠያየቁ፣ በመጋዘኑ በር ላይ ለቅሶ ካለ የሞተው የመጋዘኑ ጌታ አቶ በየነ መሆን አለበት አሉ። እናቴ ይህን አላሰበችውም፤ ሰውየውን የገደለው የአገሩ ጨዋነት ነው።

ፀሐይ ሞቅ ሲል የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። የእድር ሰዎች ድንኳን ተሸክመው መጡና ካስማ መትከል ጀመሩ። የአቶ በየነ እህት «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን እየደቃች ከላይኛው ሰፈር ደረሰች። ካቦ ደምሴ ከዚህ ወደዚያ እየሮጠ አልሞቱም ቢል፣ ሐዘኑ ያሳበደው መስሏቸው ይዘው አስቀመጡት፣ ውሃም አጠጡት። በዚህ መሐል አቶ በየነ ቡና ሊያዩ ካደሩበት ከወናጎ በላንድሮቨራቸው መጥተው ወረዱ። ድንኳን የሚተክሉት ምሰሶውን እንደያዙ ቀሩ። ከሁሉ ይበልጥ ያለቅሱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሰውየውን አዩና፣ አንዴ ጀምረዋልና ለቅሶውን ጨረሱት።

አቶ በየነ ፊታቸው አመድ መስሎ «ማነው የሞተው?» አሉ።

እናቴ ተነሣች። «ማንም አልሞተም ጌታዬ። ካቦው ተላጭታችሁ ግቡ ብሎናል። በእኛ ዘንድ ሴት የምትላጨው ሬሳ ሲወጣ ነው። የማን ሬሳ እንደሆነ ይንገሩንና እንላጫለን።»

ካቦው ከተያዘበት ተነሥቶ ሴቶቹ ቡና በሹሩባቸው እንደሚሰርቁ ተናገረ። እናቴ ወደ እሱ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ነጠላዋን መሬት ላይ ዘረጋች፣ ጥቁሩን ሻሽ ፈታች፣ ከዚያም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሹሩባዋን አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር። ፈትታ ስትጨርስ አጎንብሳ ነጠላው ላይ አራገፈችው። አቧራና ገለባ ወረደ፣ የቡና ፍሬ የሚባል ግን አልነበረም። እትዬ ወርቄም ሻሿን ፈታች፣ ከጎኗ ያለችውም ተከተለች። ያን ጊዜ የአቶ በየነ እህት የወንድሟን ክንድ ጨብጣ «አንተ ቆመህ እያየህ ነው ጸጉር የሚፈታብህ? ይህ እኮ እርግማን ነው፣ አስቁማቸው እንጂ» አለቻቸው። ከድንኳን፣ ከጡሩምባ፣ ከለቅሶ ሁሉ ይበልጥ አቶ በየነን ያስፈራቸው ይህ ይመስለኛል።

«በቃ፣ ጸጉራችሁን ከእንግዲህ የሚነካ የለም። ሰብስቡና ግቡ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ሴቶቹ ሊነሡ ሲሉ እናቴ ባለችበት ተቀመጠች። «ተበትኖ አይገባም ጌታዬ፣ አቧራ ይጠጣል። ተሠርተን እንገባለን» አለችና ወደ እድሩ ሰዎች ዞራ «ድንኳኑን አታፍርሱት፣ ፀሐይ ነው» አለቻቸው። ከዚያ እትዬ ወርቄ ከኋላዋ ተቀመጠች፣ ከወርቄ ኋላ ሌላዋ፣ እንዲህ እየተያያዙ በአቶ በየነ የለቅሶ ድንኳን ሥር ሰንሰለታቸውን ሠሩ። እኔ የጉሎውን ዘይት ከቤት ሮጬ አመጣሁ። እስከ ቀትር ሲሠሩ ካቦ ደምሴ በሩን ከፍቶ፣ እርሳሱን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ጠበቃቸው።

በዚያው በጋ ካቦው በእናቴ ላይ ቂሙን ተወጣ፤ መፈልፈያው አጠገብ አቧራው የሚበዛበት ጥግ አስቀመጣት። እሷ ግን ማታ ማታ ሳል እያጣደፋትም ጸጉሯን በኮባ ጠቅልላ ታድር ነበር፣ ጧትም ጥብቅ አድርጋ ተሠርታ ትገባለች። ከዚያ ጥግ እስክትወጣ ድረስ ሁለት የቡና ወቅት አልፎ ሦስተኛው መጥቷል።

አሁን መጋዘኖቹ ውስጥ ያሉት ሴቶች የፕላስቲክ ቆብ ያጠልቃሉ፣ ጸጉራቸውንም እንደኔ በጸጉር ቤት ይሠራሉ፤ በክረምት ጓሮ የሚቀዳ ዝናብ የለም፣ ጉሎውም ከአጥሩ ጋር ተነቅሎ ግንብ ሆኗል። ቀሏል፣ አልክድም። ያች ጸጉር ሠሪ ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ ሽበቴን በጣቷ እያበጠረች «እማማ፣ አጠር አድርገን ብንቆርጠው አይቀልዎትም?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት፤ እንደ እናቴ ወደ ኋላ ሳቢልኝ አልኳት። እናቴ በሞተች ጊዜ የምሄድበት ጸሎት ቤት እኅቶች መላጨት የድሮ ነገር ነው፣ አይገባም ብለው ሲከለክሉኝ፣ ልጆቼም ሥራ ቦታ ምን ይሉሻል ሲሉኝ፣ ጓሮ ወጥቼ ራሴን ሙልጭ አድርጌ ተላጭቻለሁ። በዕድሜዬ የተላጨሁት ያን አንድ ጊዜ ነው፤ ሬሳው የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ያዘዘኝም ሰው የለም።