በሰው አንገት የገባሁት ቃል

በ2015 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። የካ ዳገቱ ላይ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ባለችው ቤታችን ከባለቤቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ቀርተናል። አናጺ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ሲደክም ሥራውን ተውኩት።

ግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የካ አባዶ የምትኖረው ልጄ ዕቁብ ደርሷት መጣች። ብሩን እጄ ላይ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ይሄ የእማዬ የአንገት ወርቅ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ ሄደን እንገዛላታለን፤ እስከዚያ ያዝልኝ» አለችኝ። እናቷ እንዳልሰማ ሰው ቡናዋን መቅዳት ቀጠለች። ኋላ ግን መስታወት ፊት ቆማ አንገቷን በመዳፏ ስትዳብስ አየኋት። እኔ እውነቱን ልናገር፣ ወርቅ አልወድም። አይበላ፣ አይጠጣ፣ ዝናብ አይከልል።

በማግስቱ እሑድ የእድር ስብሰባ ነበረን። የአንዲት ጎረቤታችን ባልቴት ነገር ተነሣ። ጣሪያቸው ወንፊት ሆኗል፤ ክረምቱ ሳይገባ ካልተከደነ አልጋቸው ላይ ሊዘንብባቸው ነው። ሰዉ ጭጭ አለ። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ጫማውን ያያል። ዝምታው አናደደኝና ብድግ አልኩ።

«ቆርቆሮውን በሙሉ እኔ እችላለሁ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ሰብሳቢው፣ «ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ! ሰው ማለት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ወረድኩ።

ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ባለቤቴ በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች።

«በምን ልትገዛው ነው?» አለችኝ።

«ብር አለ አይደል?»

«የትኛው ብር?»

ባርኔጣዬን አውልቄ አቧራውን ማራገፍ ጀመርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ የሰጠኸው የኔን አንገት ነው እኮ!»

«ታዲያ ለነፍስ አይሻልም? ወርቁን መቃብር ይዘሽው ልትገቢ ነው?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ስንጋባ ወርቅ ልትገዛልኝ ነበር፤ ወንድምህ ታመመና ለሱ ሆነ። ቀጥሎ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሰጠኸው። ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ሁልጊዜ ደግ የምትባለው አንተ፣ ባዶ አንገቷን የምትቀረው እኔ። መስጠት ደስ ካለህ ከራስህ ስጣ!»

«በሰው ፊት ቃል ገብቻለሁ!»

«የገባኸው አንተ። እኔ አፌን አልከፈትኩም።»

እልኸኛ ነኝ፤ ሰፈሩ ያውቀኛል። አኩርፌ ራቴን ሳልበላ ተኛሁ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን በላሁ፤ ምስሩ ጥሩ ነበር። እየበላሁ አሰብኩት። ነገሩ እውነት ነው። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ስሰጥ የኖርኩት ከሷ ላይ እየቆረስኩ ነው። እኔ ምን ጎደለብኝ? ምንም። እንዲያውም ጓሮ ውስጥ ለራሴ የቀለስኳት አንዲት ማረፊያ አለችኝ፤ ከሰዓት በኋላ ማንም እንዳይነዘንዘኝ የምደበቅባት። ጣሪያዋን ገና ዝገት አልነካውም።

እጄን ታጠብኩና ብሩን ከሣጥን አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ቅዳሜ ከልጅሽ ጋር ሂጂ። ስትመርጪ ቀጭኑን እንዳታነሺ።»

«ቆርቆሮውስ?»

«እሱን ለኔ ተይው።»

አየችኝ፤ ወደ ጓሮው በር አየች፤ ገባት። «ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ እዚህ ልትቀመጥብኝ ነው በለኛ!» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱ ጠዋት መሰላሌን አስደግፌ ማረፊያዬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። እሷ ከታች መሰላሉን ይዛ «ቀስ በል፣ አንተ ሽማግሌ!» እያለች ስትጮህብኝ፣ ምስማሩን እየነቀልኩ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ አቀበልኳት።